ከደሴ እስከ ባቲ፦ የሰው ንግድን በሚዋጋ የእምነት ድርጅት የተለማማጅ የመጀመሪያ ሳምንት

ጉዞው ሐሙስ የሚጀመረው በምክንያት ነው። ዓርብ መስጊድ አለ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰኞ ደግሞ የባቲ ገበያ። በወሎ ስለ ስደት ቁም ነገር የሚወራው በእነዚህ ቦታዎች ነው። ይህ ማስታወሻ ለጥቂት ወራት ልምምድ ከውጭ አገር ለሚመጡ ወጣቶች የተጻፈ ነው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ወላጆቻቸው ከዚሁ አገር የወጡ ናቸው። እነሱን ተቀብለው ለሚያሠሩ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎችም ይጠቅማል።

ሐሙስ፦ ከአዲስ አበባ ደሴ

ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። አውቶቡስ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ይነሳል፤ መንገዱ ደኅና ከሆነ ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ደሴ ይገባል። በክልሉ ባለው ግጭት የተነሳ መንገዱ ሳይታሰብ ሊዘጋ ስለሚችል፣ በዋዜማው ማታ ደሴ ደውሎ ሳያረጋግጡ መነሳት አይገባም። ሌላው አማራጭ እስከ ኮምቦልቻ መብረር ነው፤ ከዚያ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ነው።

በአንድ ቀን ብርድም ሙቀትም ይታለፋል። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ አየሩ ይለወጣል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ጃኬት ይወልቃል። ከሚሴና ሐርቡ አልፈው ኮምቦልቻ ይደረሳል፣ ከዚያ የሐረጎ ጥምዝምዝ ዳገት ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ማታ ጋቢ ያስፈልጋል። ከቆላ የመጣ ሰው የመጀመሪያውን ሌሊት ራሱን ቢያመው ውኃ በደንብ ጠጥቶ በጊዜ ይተኛ።

ሻንጣ ውስጥ ከልብስ በፊት ወረቀት ይገባል። ተቀባዩ ድርጅት በአዋጅ 1113/2011 መሠረት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑ አስቀድሞ ይጣራል። በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ድርጅት ውስጥ ማገልገል ተለማማጁንም ድርጅቱንም ችግር ውስጥ ይከታል፤ ስለዚህ የጥሪ ደብዳቤውና የቪዛው ዓይነት መገጣጠም አለባቸው። ከዚህ ሌላ ከመጣበት አገር ፖሊስ ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያመጣል፤ ከሕፃናት ጋር ስለሚኖረው ግንኙነት የተጻፈውን የሥነ ምግባር ደንብም ይፈርማል። እነዚህን ሳይጠይቅ ማንንም ከተጎዱ ልጆች ጋር የሚያገናኝ ድርጅት ካጋጠመ፣ በጸሎቱ ምንም ያህል የታወቀ ቢሆን፣ ወደዚያ አለመሄድ ነው።

በመንገድ ላይ ዐይን ክፍት ይሁን፣ አፍ ይዘጋ። ሻንጣ የሌላቸው ጎረምሶች፣ የሁሉንም ትኬት የያዘ አንድ ሰው፣ ምሳ ሲወረድ ለብቻቸው የሚቀመጡ ልጆች ይታያሉ። ምልክት ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ጣልቃ የሚገባ ተለማማጅ ልጆቹን በሌላ ሌሊት በሌላ መኪና እንዲሄዱ ከማድረግ የዘለለ ነገር አያመጣም። ያየውን ደሴ ሲደርስ ለኃላፊው ይናገራል፤ ለፖሊስ ማሳወቅ የኃላፊው ሥራ ነው።

ዓርብ፦ ደሴ

ሥራ የሚጀመረው ጠዋት 2፡30 ነው፤ በፈረንጅ ሰዓት 8፡30። ሰዓት ቢያምታታ ቀጠሮ ያልፋል። ዘመን ሲያምታታ ግን የሰው ጉዳይ ይበላሻል። አንዲት ልጅ «2001 ነው የተወለድኩት» ስትል በአገሩ አቆጣጠር ነው፤ በ2017 ዓ.ም. 16 ዓመቷ ነው። ተለማማጁ በፈረንጅ ቆጥሮ ከጻፈው የ24 ዓመት ሴት ትሆናለች። በዚያች አንዲት መስመር ሕፃን መሆኗ ይቀራል፣ መጠለያዋ ይለወጣል፣ ክሱም ይለወጣል። ስለዚህ መዝገብ ላይ ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ይጻፋል። ከሳዑዲ የመጣ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ላይ ደግሞ የሂጅራ ዘመን አለ፤ ሦስቱም መቁጠሪያዎች ከጠረጴዛው አይነሱም።

ፓስፖርት ላይ ያለው ዕድሜም ብቻውን አይበቃም፤ ደላላ ዕድሜ ማስጨመር ያውቅበታል። የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የክርስትና ካርድ ካለ ይታያል። ከሌለ እናቲቱ «እሷ ስትወለድ ታላቅ ወንድሟ ስንተኛ ክፍል ነበር?» ተብለው ይጠየቃሉ። ዓመተ ምሕረት ከመጠየቅ ይህ ይሻላል።

ከዚያ ሕጉ ይጠናል። ኢትዮጵያ በ2012 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የፓሌርሞ ፕሮቶኮል፣ በሰው መነገድን የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ሰውን መመልመል፣ ማጓጓዝ ወይም መቀበል፤ ይህም በማታለል፣ በማስገደድ ወይም ችግሩን መጠቀሚያ በማድረግ መሆኑ፤ ዓላማውም ብዝበዛ መሆኑ። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ መታለሉን ማስረዳት አያስፈልግም። የአገራችን አዋጅ 1178/2012 (ዓ.ም.) በሰው የነገደን ከ7 እስከ 12 ዓመት፣ ተጎጂዋ ሴት ወይም ተጎጂው ሕፃን ከሆነ ከ10 እስከ 20 ዓመት እስራት ይቀጣል። ድንበር ማሻገር ደግሞ ለብቻው ወንጀል ነው። በወሎ መንገድ ግን አንዱ ወደ ሌላው ይለወጣል። ፈቅዶ የተነሳ ልጅ በረሃ ላይ ታግቶ ገንዘብ የሚጠየቅበት ጊዜ ብዙ ነውና፣ «ፈቅዶ ነው የሄደው» በሚል ቃል መዝገብ አይዘጋም።

ተለማማጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተመላሽን፣ ማለትም ከስደት የተመለሰን ሰው፣ ታሪኩን አይጠይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. በሰው ንግድ የተጎዱ ሴቶችን ስለ ማነጋገር ያወጣቸው 10 መመሪያዎች አሉ፤ የመጀመሪያው ጉዳት አለማድረስ ነው። በተግባር ሲተረጎም፣ ሌሊት አውቶቡስ ላይ ያደረች ልጅ መጀመሪያ ትመገባለች፣ ትታጠባለች፣ ትተኛለች። ቤተሰቧ ጋ ትደውላለች፤ ከፈለገች ብቻ። ሐኪም ያያታል። ታሪኳ ከዚያ በኋላ፣ ለአንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ ይነገራል። ፖሊስም፣ ሐኪምም፣ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያም፣ ለጋሽም፣ ተለማማጅም እየተፈራረቁ ሲጠይቋት አምስተኛው ላይ የተናገረችው ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። ያኔ ውሸታም ትባላለች።

የአስተርጓሚ ምርጫ ብዙ ድርጅት የሚስትበት ቦታ ነው። የልጅቱ ቀበሌ ሰው አይሆንም፤ ደላላው የአጎቱ ልጅ ሊሆን ይችላልና። ለሴት ሴት ትሆናለች። አስተርጓሚዋ «እሷ ማለት የፈለገችው» ብላ ማብራራት ከጀመረች ቆም ይባላል፤ የሚፈለገው የልጅቷ ቃል ነው።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከመስጊዱ ሽማግሌዎች ጋር መቀመጥ ነው። የክርስቲያን ድርጅት ተለማማጅ ይህን ይፈራዋል፤ ወሎ ውስጥ ግን አንዱ ሌላውን ሳይዝ የሚሠራ ሥራ የለም። «ሸይኻችን፣ ምክርዎን ፈልገን ነው» ብሎ መጀመር ይበቃል። ሁለት ጉዳይ ይነሳል። አንደኛው ዱዓእ ነው፤ የሚሄድ ልጅ ቤተሰቡ አስደርጎለት ነውና የሚሄደው፣ ሸይኹ ከማድረጋቸው በፊት «በአየር ነው በባሕር? ወጪውን ማን ቻለ?» ብለው እንዲጠይቁ ይለመናሉ። ማንም የማይመልሰውን ጥያቄ ለእሳቸው ይመልሱላቸዋል። ሁለተኛው ዘካ ነው። በሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል ባለዕዳዎችና በባርነት የተያዙ ይገኛሉ። በስደት ዕዳ መሬቱን ያጣ ቤተሰብ እዚህ ውስጥ ይገባል ወይ የሚለው ለሸይኾቹ ይቀርባል፤ ፍርዱ የእነሱ ነው፣ ድርጅቱ የቤተሰቡን የዕዳ ሁኔታ አጣርቶ ያቀርባል።

ድርጅቱ ግን የሚረዳውን ሰው ሃይማኖት አይጠይቅም፣ አይሰብክም። በ1994 እ.ኤ.አ. ቀይ መስቀልና የእርዳታ ድርጅቶች የተስማሙበት የሥነ ምግባር ደንብ እርዳታ ለእምነት ማስፋፊያ እንዳይውል ይላል። እዚህ ይህ ሲጣስ የሚፈርሰው የድርጅቱ ስም ብቻ አይደለም፤ ልጆቹን ለመድረስ ያለው ብቸኛ በር ይዘጋል።

ቅዳሜ፦ መናኸሪያና ሕጋዊው መንገድ

ከደላንታ፣ ከለጋምቦ፣ ከወግዲ የሚመጡ ልጃገረዶች ደሴ መናኸሪያ ላይ ይወርዳሉ። ብዙዎቹ ለቤት ሠራተኝነት ነው፤ ዐረብ አገር ለሚሄዱት ይህ የመጀመሪያው እርከን ነው። አሠሪ የሌላትን ልጅ አንድ ደላላ ሌሊቱን ቤቱ ያሳድራታል፣ በማግሥቱ «የማደሪያና የምግብ» ብሎ ዕዳ ይጽፍባታል። የሥራ አዋጁ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል። የመናኸሪያው ዐይን ግን ሻይ የምታፈላው ሴትና ተራ አስከባሪው ናቸው። ሥልጠናም ስልክም የሚሰጠው ለእነሱ ነው። የድርጅት ሰደርያ ለብሶ መናኸሪያ ላይ መቆም ደላላውን ወደ ጓሮ ያስገባል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም።

ከሰዓት በኋላ የሕጋዊው ጉዞ ወረቀት ይጠናል፤ «አትሂዱ» ብቻ የሚል ሰው ማንም አይሰማውምና። መንግሥት በ2013 እ.ኤ.አ. ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድን ከልክሎ ነበር፤ በክልከላው ዓመታት ሰው በባሕርና በጉብኝት ቪዛ መሄዱን አላቋረጠም፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ተነሳ። አሁን በሕግ የምትሄድ ልጅ 18 ዓመት የሞላት መሆን አለባት፤ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ የጤና ምርመራና የጉዞ ቅድመ ሥልጠና ይኖራታል፤ የምትሄደውም እንደ ሳዑዲ፣ ኳታርና ዮርዳኖስ ስምምነት ወዳለበት አገር ነው። በአዋጅ 923/2008 መሠረት የቪዛ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትችለው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያሉትን ነው። ስለዚህ «የቪዛ ክፈይ» ያለ ሰው በዚያው ቃሉ ራሱን አጋልጧል። በዑምራ ወይም በጉብኝት ቪዛ ሄዶ ሥራ መግባት ሌላው የወሎ መንገድ ነው፤ ቪዛው ሲያልቅ ሰውየው በአሠሪው እጅ ይወድቃል።

የምትሄድ ልጅ የውሏንና የፓስፖርቷን ግልባጭ፣ የአሠሪዋን ስልክና አድራሻ እናቷ ቤት ትታ ትሄዳለች። ያልተከፈለ ደመወዝ ለመጠየቅ በኋላ የሚፈለገው ይኸው ነው። አሠሪው «ሁሩብ» ብሎ እንደጠፋች ካመለከተባት ኢቃማዋ ዋጋ ያጣል፤ ቤት የቀረው ወረቀት ያኔ ነገሯን ይዞ ይቆማል።

እሑድ፦ ቅዳሴ፣ ከዚያ ኮምቦልቻ

በዕለቱ ከቅዳሴ በኋላ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚሰጠው ትምህርት የዮሴፍ ታሪክ ነው። ወንድሞቹ በሃያ ብር ሸጡት፤ ሻጩ ባዕድ አልነበረም። በቁርኣንም ሱረቱ ዩሱፍ አለና በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም ያለ ማንም ቅሬታ ይነገራል። ወጣቶቹ «በእኛ ሰፈር ማን ነው አገናኙ?» ተብለው ሲጠየቁ ዝም ይላሉ፤ አክስት፣ የጎረቤት ልጅ፣ ከጅዳ የምትደውል ጓደኛ ናትና። በሚዲያ የሚሳለው ጥቁር መነጽር ያደረገ ደላላ እዚህ ብዙም አይገኝም። በዚህ ምክንያት ክስ ይከብዳል፤ እናት በገዛ እህቷ ላይ ምስክር አትቆምም። ሥራው ከክስ በፊት ካልተጀመረ ረፍዷል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ኮምቦልቻ የሚወረደው የፋብሪካ ሠራተኞች እሑድ ስለሚያርፉ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ከገጠር ልጃገረዶች መጡ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከተማዋ በጦርነቱ ተያዘች፣ ፋብሪካዎች ተዘረፉ፤ በኅዳር መጨረሻ ተለቀቀች። በታኅሣሥ ደግሞ አሜሪካ ለኢትዮጵያ የሰጠችውን ከቀረጥ ነጻ የአጎዋ ዕድል አቋረጠች። በወራት ልዩነት ሁለት ዱላ ያረፈባት ልጅ «ሳዑዲ ያለችው ጓደኛዬ ቤት ሠራች» ስትል ሞኝ አይደለችም፤ ሒሳብ አውቃለች።

ስለዚህ ግቢው ውስጥ ቡና ሲፈላ የሚወጣው ብጣሽ ወረቀት ነው። ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ ለስንት እንደሚካፈሉት፣ ምግብ፣ ዕቁብ፣ ለቤተሰብ የሚላክ። በሌላው ጎን የስደቱ ሒሳብ ይሰፍራል፤ የመሄጃ ዕዳ፣ ዕዳው እስኪከፈል ያለ ገቢ የሚሠራባቸው ወራት፣ ሕመም ቢመጣ፣ ደመወዝ ቢከለከል። ውሳኔው የልጅቷ ነው። ሁለተኛውን ጎን ሞልቶ ያሳያት ሰው ግን ከዚያ በፊት አልነበረም።

ሰኞ፦ ባቲ

ከኮምቦልቻ በማለዳ 12 ሰዓት ይነሳል። ባቲ በምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ወደ አፋር ቆላ እየወረደ ይሄዳል። የሰኞው ገበያ የታወቀ ነው፤ ግመል፣ ፍየል፣ እህል፣ ጨርቅ፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ይገናኛል። አፋን ኦሮሞ የሚናገር ባልደረባ ካልተገኘ ጉዞው ለሌላ ሰኞ ይተላለፍ። ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውኃ ይያዛል፤ ፎቶ ማንሻ አይያዝም።

ከባቲ መንገዱ ወደ ሚሌ፣ ሎጊያና ሰመራ፣ ከዚያ ወደ ጅቡቲ ይቀጥላል። የወሎ ልጅ «በባሕር ሄደ» ሲባል በዚህ ነው። የሰንሰለቱን ቀለበቶች ማወቅ ይገባል፤ መንደር ውስጥ አገናኙ፣ ከተማ ላይ አሳዳሪው፣ ሾፌሩ፣ በረሃ ላይ መሪው፣ በጅቡቲ ኦቦክ ጠረፍ ላይ ባለጀልባው፣ የመን ላይ አጋቹ። አንዱ ሌላውን በስልክ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሾፌር ቢያዝ ሌላ ሾፌር ይተካል፤ ገንዘቡ ግን በሙሉ ከአንድ ቦታ፣ ከገበሬው ቤት ነው የሚወጣው።

ብዙ ልጅ ሲነሳ ምንም አይከፍልም። «ሂድ፣ በኋላ ትከፍላለህ» ይባላል። ወላጅ ሳያውቅ መነሳት የቻለው ለዚህ ነው፤ ዋጋው የሚነገረው ልጁ መመለስ ከማይችልበት ሲደርስ ነው። በረሃው ላይ ሰው የሚሞትበት ምክንያት ይታወቃል። ጉዞው ሌሊት ስለሆነ የተያዘው ውኃ ለአንድ ሌሊት ይታሰባል፤ ሾፌሩ ኬላ ፈርቶ ሲያወርዳቸው ቀኑን በ40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት ያለ ውኃ ይውላሉ። ጅቡቲ ውስጥ አሳል ሐይቅ አካባቢ ጨውና ድንጋይ ብቻ ነው። ባሕር ላይ ጀልባው ከልኩ በላይ ይጫናል፤ ባለጀልባው የጠረፍ ጠባቂ ሲፈራ መዋኘት የማይችለውን ሰው ጥልቅ ውኃ ላይ ያስወርዳል። በ2017 እ.ኤ.አ. ነሐሴ በየመን ሻብዋ ጠረፍ የተደረገው ይኸው ነበር። በየካቲት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ሰንዓ ውስጥ በስደተኞች ማቆያ በተነሳ እሳት በአሥር የሚቆጠሩ ሞቱ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ከየመን ሲመለስ የነበረ ጀልባ ጅቡቲ ጎዶሪያ አጠገብ ሰጠመ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በየመን አቢያን ጠረፍ ላይ የሰጠመው ብዙ ወገን ይዞ ነው። ባሕሩን የተሻገረ ሰውም የየመንን ጦር ግንባርና የሳዑዲን ድንበር ያገኛል፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ሂዩማን ራይትስ ዎች የድንበር ጠባቂዎች በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን ዘግቧል።

ይህን ሁሉ ባቲ ላይ በድምፅ ማጉያ መናገር ዋጋ የለውም። መንደሩ የደረሰለትን ልጅ አዲስ ቆርቆሮ ቤት በየቀኑ ያያል፤ የሞተው ልጅ ቤት አልተሠራም፣ አይታይም። ለመሄድ የቆረጠ ልጅ ከተገኘ ሌላ ነገር ይነገረዋል። አንድ ስልክ ቁጥር በቃሉ ይያዝ። ሰመራና ኦቦክ ላይ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት የስደተኛ መርጃ ማዕከላት አሉት፤ ሕክምና ያገኛል፣ መመለስ ከፈለገም ይረዱታል፤ መመለስ ደግሞ ነውር አይደለም። ይህችን የመጨረሻዋን ከተለማማጅ አይሰማትም፤ ከሸይኽ ወይም ከቄስ ሲሰማት ነው የምትገባው።

የማገቻ ስልክ ወደ ቤት ሲደወል ምን ይደረግ የሚለውን ቤተሰብ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። የልጁን ድምፅ ለመስማት ይጠይቁ። የደወለውን ቁጥር፣ ሰዓቱን፣ ገንዘቡን በማን ስም ላኩ እንዳሏቸው ይጻፉ። የባንክ ወይም የሐዋላ ደረሰኝ ካለ አይጣል፤ በፍርድ ቤት ከእንባ ይልቅ የሚሰማው እሱ ነው። ለፖሊስ ይነገር። ድርጅቱ ማስለቀቂያ አይከፍልም። ይህ ጭካኔ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ድርጅት እንደከፈለ ከተሰማ የዚያ መንደር ልጅ ዋጋ ይጨምራል። የተከፈለለትም ልጅ ሁልጊዜ አይለቀቅም፤ ለሌላ አጋች ይሸጣል። ተለማማጁ ከራሱ ኪስ ሊሰጥ ይፈተናል። አይስጥ፤ ሌሊቱን ግን ከእናቲቱ ጋር የሚሆን ሰው ይፈለግ።

ማክሰኞ፦ ሐይቅ፣ የተመላሽ ቤት

ሐይቅ ከደሴ በሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የድርጅት ስም የተጻፈበት መኪና በር ላይ አይቆምም፤ ገበያው አጠገብ ቆሞ በእግር ይኬዳል። ከሁለት ሰው በላይ አይገባም። ስለ ዝናቡና ስለ እህሉ ሳይጠየቅ ስለ ልጅ አይጠየቅም። አቦሉ እስኪጠጣ ወረቀት አይወጣም። ቶናው ላይ «እትዬ፣ እሷ ስትሄድ ወጪውን ማን ቻለው?» ይባላል። «ስንት ከፈላችሁ?» ተብሎ ከተጀመረ እንደ ቀራጭ ነው የሚታየው።

የዕዳው ቅጽ ከሁሉም ወረቀት ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። አበዳሪው ማን ነው፣ ከቤተሰቡ ጋር ምን ይዛመዳል፣ ዋናው ስንት ነው፣ ወለዱስ፣ መያዣው ምንድነው፣ መቼ ይከፈላል፣ እስካሁን ምን ተከፈለ። ብዙ ቦታ መያዣው መሬት ነው፤ ወለድ አገድ። አበዳሪው ገንዘቡ እስኪመለስለት መሬቱን አርሶ ይበላል፣ ምርቱ በወለዱ ይያዛል፣ ዋናው ዕዳ ግን ስንዝር አይቀነስም። ይህን ሳያውቅ ለተመላሿ አምስት በግ የሰጠ ድርጅት በጎቹን ለአበዳሪው ነው የሰጠው። በወሩ ሲጎበኝ በግ የለም፤ «አባከነችው» ተብሎ ይጻፍባታል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። በሽማግሌ ፊት ከአበዳሪው ጋር መነጋገር፣ ወለዱ እንዲቆም፣ ዋናው በየመኸሩ እንዲከፈል ማስማማት፤ ስምምነቱን ጽፎ ማስፈረም። ከዚያ በኋላ ነው ሥራ የሚታሰበው። ሥራውም እሷ የምታውቀው ይሁን። ጅዳ ለዓመታት ምግብ ያበሰለችን ሴት የልብስ ስፌት መኪና አስይዞ መመለስ የተለመደ ጥፋት ነው፤ መኪናው በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። የማይተዋወቁ አሥር ተመላሾችን በአንድ ማኅበር ማደራጀትም እንዲሁ ነው። አንዷ ስትታመም ሥራው ይቆማል፣ ብድሩ ግን በሁሉም ስም ነው።

ልጅ ይዛ የተመለሰች እናት ካለች የልጁ የልደት ምዝገባ ቀዳሚ ይሁን፤ ያለ እሱ ትምህርት ቤት ላይ ጥያቄ ይበዛባታል። አባቱ ማን ነው የሚለውን ተለማማጅ አይጠይቅም፣ ጎረቤት ሲጠይቅም ከአጠገቧ አይለይም።

አእምሮው የታወከ ተመላሽ ጠበል ወይም ሩቅያ (ቁርኣን ተቀርቶ ወደሚታከምበት) ይወሰዳል። ይህን መቃወም ሰውየውን ከነቤተሰቡ ማጣት ነው። የሚለመነው መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ነው፤ አጥማቂው አባት «መድኃኒትህንም ዋጥ» ያሉት ሰው ይውጣል፣ ሸይኹም ካሉ እንዲሁ። በሰንሰለት መታሰር፣ መመታት ወይም ምግብ መከልከል ካለ ግን ዝም አይባልም፤ በዚያው ቀን ለኃላፊው ይደርሳል።

ረቡዕ፦ ደሴ፣ መዝገብ

የጾም ቀን ስለሆነ ምሳ ሽሮ ነው። ጠዋቱ ለመዝገብ ይሰጣል። እያንዳንዱ ጉዳይ በቁጥር ይጠራል፤ ስምና ቁጥሩን የሚያገናኘው ዝርዝር ለብቻው ይቆለፋል። በግል ስልክ የተነሳ ፎቶ፣ በቴሌግራም የተላከ የፓስፖርት ምስል ካለ ዛሬ ይጠፋል።

ለለጋሾች የሚላክ ጽሑፍ ላይ የፊት ምስል አይኖርም፣ ከኋላ የተነሳም ቢሆን። ቀሚሷንና የግቢዋን በር የሚያውቅ ሰው ሳዑዲም ውስጥ አለ። ፈቃድ ስትጠየቅም እርዳታው በእጇ ከገባ በኋላ ይሁን፤ ስንዴ እየጠበቀች «እሺ» ያለችው ፈቃድ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ የክትትል ቀኖች ይሞላሉ፦ በሳምንቱ፣ በወሩ፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ እስከ ዓመት። ከእነዚህ ሌላ አበዳሪው ገንዘቡን የሚጠብቅበት ቀን ተለይቶ ይጻፋል፣ ጉብኝቱም ከዚያ ቀን አንድ ሳምንት ቀድሞ ይሆናል። የተመለሰ ሰው ዳግም የሚነሳው ብዙውን ጊዜ በዚያ ሰሞን ነው።

ተለማማጁ የሚሄድበት ቀንም በዚሁ ሉህ ላይ ይገባል። ቤተሰቦቹ ከአንድ ወር በፊት ይነገራቸዋል፣ ተተኪው በመጨረሻዎቹ ሁለት ጉብኝቶች አብሮ ይገባል። የግል ስልክ አይሰጥም፤ ከውጭ ሆኖ በስውር ገንዘብ መላክም አይፈቀድም። አንዱ ቤት በየወሩ ሲላክለት ጎረቤቱ የሚደመድመው ልጅቷ ዳግም መሥመር እንዳገኘች ነው፤ ደላላውም ይህን ወሬ ይዞ ወደ ቀጣዩ ቤት ይሄዳል።